ጥላ ሥር የተቀመጠችው

የአውቶቡሱ መስኮት አልከፈት ብሏት ቆለኛዋ በሁለት እጇ ስትታገል፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ሯጭ ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታ «ኧረ ተይው፣ ንፋስ ይመታናል» አለቻት። መስኮቱ እንደ ምንም ተንሸራተተ። ሞቅ ያለው አየር ሲገባ ቆለኛዋ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ሳበችው። ቆላ ተወልዳ ስላደገች የሯጮቹ ካምፕ ውስጥ በሌላ ስም የሚጠራት የለም። የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ባለጃኬቷም ብርዶ ነው የምትባለው፤ ደጋ ላይ ውርጭ ሲጥል በቲሸርት ትሮጣለች፣ ንፋስ ግን ትፈራለች።

ቆለኛዋ አየሩ ስስ የሆነበት ካምፕ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ዳገቱ ላይ የመጨረሻዋ ሁልጊዜ እሷ ነች። ጠዋት ጣቶቿ ደርቀው አልታዘዝ ሲሏት የጫማዋን ክር የምታስርላት ብርዶ ነበረች። አሁን ለማራቶኑ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል። እሱ ካመለጣት ጓዟን ጠቅልላ ወደ ታላቅ ወንድሟ ጎማ መጠገኛ ቤት መመለሷ ነው። ውድድሩ ሙቀት ያለበት ከተማ ውስጥ ስለሆነ አሰልጣኙ ማጣሪያውን በቀትር፣ ቆላ ወርደው እንዲሮጡት ወስነዋል።

እንደደረሱ ሌሎቹ እንደ ለመዱት ሙሉ ቱታቸውን ለብሰው ማሟሟቅ ጀመሩ። ደጋ ላይ ላብ ሳያጠምቀው ውድድር የሚጀምር የለም። ቆለኛዋ ግን ሄዳ የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ቁጭ አለች። ብርዶንም በእጇ ጠራቻት፤ ብርዶ አሰልጣኙን አየት አድርጋ ሩጫዋን ቀጠለች።

«ምነው፣ ለሽርሽር ነው እንዴ የመጣሽው?» አሏት አሰልጣኙ።

«አሰልጣኝ፣ እዚህ የምታሟሙቀን ፀሐይዋ ነች። እኔ ጉልበቴን የምጨርሰው መንገዱ ላይ ነው።»

«ጡንቻሽ ቢሸማቀቅ ሁለተኛ ዕድል የለም።»

«አይሸማቀቅም።»

አፏን ሞልታ ተናገረች እንጂ እርግጠኛ አልነበረችም። ቢሆንም አልተነሳችም።

ገና ሲጀመር ደገኞቹ ተፈተለኩ። ወፍራሙ አየር ደረታቸውን ሞልቶት እግራቸው ቀሏቸዋል። የእሷም እግር ተከተያቸው፣ ተከተያቸው ብሏት ነበር፤ እንደ ምንም ያዘችው። አሰልጣኙ ከመኪናቸው አንገታቸውን አውጥተው ምን እየጠበቀች እንደሆነ ጠየቋት። ፀሐይዋን እየጠበቀች እንደሆነ መለሰችላቸው።

ፀሐይዋም አላሳፈረቻትም። አስፋልቱ መጋል ሲጀምር፣ በማሟሟቂያው ግማሽ ጉልበታቸውን የጨረሱት ሯጮች አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ቀሩ። ቆለኛዋ ሳትቸኩል አለፈቻቸው። መጨረሻ ላይ የደረሰችው ብርዶ ላይ ነው። ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«ውሃውን ጠጥተሽ አትጨርሺው፣ ግማሹን ራስሽ ላይ አፍስሺው» አለቻት።

ብርዶ እያለከለከች ውሃውን አናቷ ላይ አፈሰሰችው።

ከመድረሻው በፊት ወደ አንድ ድልድይ የሚያወጣ አቀበት አለ። ተማሪ ሳለች እዚህ መንገድ ላይ ስትሮጥ ትንፋሿ የሚያጥረው፣ ሌሎች ጥለዋት የሚሄዱት እዚያ ላይ ነበር። ዛሬም ልቧን አዘጋጅታ ጠበቀችው፤ አቀበቱ አለቀ፣ ትንፋሿ ግን አላለቀም። ለካ ደጋ ላይ ያስለቀሳት ያ ዳገት ትንፋሽ ሲያጠራቅምላት ኖሯል። ብቻዋን እየሳቀች ከሁሉም ቀድማ ገባች።

አሰልጣኙ ፎጣ አቀበሏት። «ሽርሽርሽ ጥሩ ነበር» አሉ፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ቦታው የእሷ እንደሆነ ነገሯትና ቀጠሉ፤ «የእናትሽ ቤት ቅርብ ነው አይደል? እስከ ውድድሩ ሙቀቱ እንዳይለይሽ እዚሁ ብትቆዪስ?»

ሁለት ዓመት በብርድ ስትንቀጠቀጥ የተመኘችው ይህንኑ ነበር። የእናቷ ቤት ወዳለበት አቅጣጫ አየት አድርጋ ወደ አሰልጣኙ ዞረች።

«ሙቀቱን ተወልጄበታለሁ፣ አይረሳኝም። ለመጨረሻው ሳምንት ወደዚህ እመለሳለሁ። ትንፋሹን ያገኘሁት ግን እላይ ነው፤ እሱን ሳልጨርስ እዚህ አልቀርም» አለች።

ማታ አውቶቡሱ ሽቅብ ሲያዘግም ብርዶ፣ ያቺ ፀሐይ እዚያው ቆላ ብትቀር ደስ እንደሚላት አጉረምርማ የቆለኛዋ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ቀዝቃዛ ንፋስ በመስኮቱ መግባት ጀመረ። ቆለኛዋ ጓደኛዋን ላለመቀስቀስ ቀስ ብላ እጇን ዘረጋች። መስኮቱ አሁንም አልታዘዝ ብሎ ታገላት፤ ማንም ሳይጠይቃት ገፍታ ዘጋችው።