ቢሆነኝ የሞተበት ሱቅ

ሚሊኒየሙ ሊገባ ስምንት ወር ሲቀረው፣ በጥር ወር፣ አስጎብኚው ኪዳን ሁለት ሸምገል ያሉ ፈረንጆች አስከትሎ ከአሸተን ማርያም ግርጌ ካለው የሸማኔው የቢሆነኝ ደጅ ደረሰ። ባልና ሚስት ናቸው። ሴትዮዋ ጥቁር ነጠላ ተከናንባለች። የቢሆነኝ ሚስት ወለላ የበግ ጸጉር ስትባዝት ነበር። ገና ከመነሳቷ ፈረንጇ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ማልቀስ ጀመረች።

«ምን ሆና ነው?» አለች ወለላ፣ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት።

ኪዳን ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔም አሁን መስማቴ ነው፣ እትዬ ወለላ። የሸማኔውን ቤት አሳየን ብቻ ነበር ያሉኝ። እግዜር ያጥናዎት ነው የምትልዎት።»

«በማን?»

«በአያ ቢሆነኝ።»

ቢሆነኝ ልቅሶውን ሰምቶ ከሽመናው ጉድጓድ ወጣና በሩ ላይ ቆመ። ፈረንጇ ቀና ስትል አየችውና ጮኸች። ባልየው ሚስቱን ደግፎ ከቦርሳው አንድ ባና፣ ወፍራም የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ አወጣ። ዳሩ ላይ ካርቶን ተሰፍቶበታል፤ ካርቶኑ ላይ የቢሆነኝ ፎቶ አለ። ኪዳን የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያየ ተረጎመ። «የመጨረሻው የላስታ ባና ሸማኔ ሥራ። ሸማኔው ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል።»

ቢሆነኝ ሳያስበው ደረቱን ዳሰሰ። ባናው የእሱ ነው፤ ባለፈው ኅዳር የጨረሰው። አዲስ አበባ የወሰደው ደግሞ የእህቱ ልጅ ምሥጋናው ነው።

ምሥጋናው ከሰባት ዓመት በፊት፣ «አጎቴ፣ አዲስ አበባ እንግባና አብረን ሱቅ እንክፈት» ብሎ ለምኖት ነበር። ቢሆነኝ ስቆ፣ «ዓለሙ ሁሉ እየተጎተተ ወደ ቅዱስ ላሊበላ ይመጣል፤ እኔ ምን ቆርጦኝ ነው የምሄደው?» አለው። ልጁ ብቻውን ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ እየመጣ ባናውን በአውቶቡስ ይጭናል፤ ሒሳቡንም አጉድሎ አያውቅም። በክፉ የሚጠረጥረው ሰው አልነበረም።

ወለላ እንግዶቹን ከሸኘች በኋላ መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። «ተነስ። ሄደህ ፊቱ ቁም።»

በማግስቱ ወልድያ አደረ። በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ገባ። ሰው እየጠየቀ፣ ከፖስታ ቤት ዝቅ ብሎ ባለ መንገድ ላይ ሱቁን አገኘው። በመስተዋቱ ውስጥ በር የሚያህል ፎቶው ተሰቅሏል፤ ከሥሩም ጧፍ በርቷል። የራሱን ተዝካር የሚያይ መሰለው።

ሲገባ ምሥጋናው ጀርባውን ሰጥቶ ከአንድ ደንበኛ ጋር ያወራል። ሻጯ ሰብሌ ቢሆነኝን አየች፤ ፎቶውን አየች፤ እንደገና ቢሆነኝን አየችና አማተበች።

«ምሥጋናው» አለች ቀስ ብላ። «ሰውዬው መጡ።»

«የትኛው ሰውዬ?» ብሎ ዞረ። ከተቆለለው ባና ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«እንዴት ነው የሞትኩት?» አለ ቢሆነኝ። ድምፁ ለራሱ እንግዳ ሆነበት። «ታምሜ ነው? ወድቄ ነው? ለወለላ የምነግራት አጣሁ።»

«አጎቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። አንድ ፈረንጅ ሸማኔው አሁን አለ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ... አይ፣ ሞቷል አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ። ሦስት ባና ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

ምሥጋናው እጁን ወደ ውጭ ዘረጋ። «ይኸውልዎ፣ እዚህ ሥራ እንዴት እንደሚሄድ ይዩ። ኤምባሲው በእግር ነው። ትልልቁ ሆቴል ሁሉ እዚሁ ነው። ዕቃ የሚልከው አውሮፕላን፣ ባንኩ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ፣ ሁሉንም ከምሳ በፊት ጨርሼ እመለሳለሁ። ላሊበላ ብሆን ለአንዲት ማኅተም ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ ነኝ። እንግዳውም እዚያ ደንጋይ አይቶ ይሄዳል፤ በብዛት የሚያዝዘው ሰው የሚቀመጠው እዚህ ነው።»

«ይኼ ሁሉ ካለህ፣» አለ ቢሆነኝ፣ «የኔ መሞት ምን ጨመረልህ?»

ምሥጋናው እንባው መጣ።

ደንበኛው እስካሁን አልተንቀሳቀሰም። አብዱልሀሚድ ይባላል፤ የደሴ ሰው ነው፤ ለአንድ አዲስ ሆቴል ዕቃ የሚገዛ። የያዘውን ባና አስቀመጠና ወደ በሩ አመራ። ቢሆነኝ እጁን ያዘው።

«ልጄ፣ ባናው ውሸት የለበትም።»

አብዱልሀሚድ ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው። «ወላሂ፣ በሕይወቴ እንዲህ ደንግጬ አላውቅም» አለ። «ለአርባ አልጋ ነው የምፈልገው። የሞተ ሰው አርባ አይሠራም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለፋሲካ ይደርሳሉ?»

አርባ! ቢሆነኝን በዕድሜው ከሁለት በላይ ባንድ ጊዜ ያዘዘው ሰው የለም። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

ስምንት ቀን ሱቁ ውስጥ ሰነበተ። በመጀመሪያው ጠዋት ፎቶውን በገዛ እጁ አወረደው። ምሥጋናው ስልክ እያነሳ ለደንበኞቹ አንድ በአንድ እውነቱን ሲናገር አጠገቡ ሆኖ አዳመጠ። ሁለቱ ባናቸውን መለሱ፤ አንዷ ሰድባ ዘጋችው። ግን ሱቁ ባዶ ሆኖ አልዋለም። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ላሊበላ ክረምቱን ሙሉ ደጁ ድርሽ የማይለው ገዢ፣ እዚህ በአንድ ጠዋት ይመጣል። ቢሆነኝን ከልጁ ውሸት ይልቅ የራሱ የሰባት ዓመት ግትርነት ማታ ማታ እንቅልፍ ነሳው።

አገሩ ሲመለስ ለወለላ አንድም ሳያስቀር ነገራት። አርባውን ስትሰማ አፏን ያዘች።

«በል እንግዲህ፣ ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ» አለች።

«ከወልድያ ማዶ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

«እህትህ የወለደችው ከሚገድልህ እኔ እዚያ ብሆን ይሻላል።»

ቀልድ መስሎት ነበር። በሳምንቱ ግን ሄደች። ምሥጋናው ደግሞ ሱቁን ለእሷ ለቆ ላስታ ገባ፤ ከበግ አርቢው የበግ ጸጉር ይሰበስባል፣ ባዛቾቹን ያስተባብራል፤ ጎረቤት ሁሉ እንደ ወንጀለኛ ያየዋል፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። ቢሆነኝ አምስት ሸማኔዎች አሰባሰበ። ለፋሲካ ሠላሳ አንዱ ደረሰ፤ አብዱልሀሚድ ተቀበለ፣ ቀሪውን ለግንቦት ታገሠ።

በፋሲካ ማግስት ወለላ ደወለች። ድምፅዋ እንደ ከተማ ሰው ፈጥኗል።

«ሌላ ሆቴል መጥቶ ቆሟል። ስድሳ ይላል። ምን ልበለው?»

ቢሆነኝ ገና ያልተሠሩትን ዘጠኙን አሰበ። አጠገቡ ያለው ምሥጋናው፣ «ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀው። «ስድሳ» አለና ስልኩን ሰጠው፤ «መቼ እንደምንጨርስ እውነቱን ንገራት።»