ፍራሹ ላይ የተሰካው መርፌ

መይሙና በጭሮው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ጽዳት ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንድም ቀን መርፌ ወግቷት አያውቅም። ነርሶቹ አንድ ክፉ ልማድ አላቸው። በሽተኛ ሲበዛባቸው ያገለገለውን መርፌ ቢጫው ሳጥን ውስጥ በመጣል ፈንታ፣ ለጊዜው ብለው ፍራሹ ላይ ይሰኩታል። ከዚያ ይረሱታል። ብትናገር ብትናገር ሰሚ ስታጣ የራሷን መላ አበጀች፤ አንሶላ ከማንሳቷ በፊት ጓንቷን አውልቃ ፍራሹን በመዳፏ ቀስ እያለች ትዳብሳለች። ወፍራሙ ጓንት ምንም አያሳውቅም ባይ ናት።

ሐሙስ ጠዋት ቦርደዴ አካባቢ ጫት የጫነ አይሱዙ ተገልብጦ ሦስት ቁስለኞች መጡ። አንዱ ወዲያው ወደ ሐረር ተላከ። መይሙና የእሱን አልጋ ስትዳብስ መርፌው የመሃል ጣቷ ሥር ገባ።

በሳሙና ታጠበችና ለማንም ሳትናገር ሥራዋን ቀጠለች። ለተወጋ ሰው ቫይረሱ እንዳይዘው መከላከያ መድኃኒት የሚሰጠው የኤችአይቪ ክፍል ውስጥ ነው፤ የክፍሉ አግዳሚ ደግሞ ከግቢው በር ፊት ለፊት። በሩ ላይ ጫት የምትሸጠው ጣሂራ ካየቻት ወሬው ሳይመሽ በደሳ ይደርሳል። በደሳ ያሉት የልጇ የነጅዋ አማቾች ናቸው፤ ኒካው ሊታሰር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ቁስለኛውን ያከመችው ሲስተር ሣህሊቱ ግን የጣቷን ደም አየች።

«አዴ መይሙና፣ ተወጉ እንዴ?»

«የተከልሽውን አጨድኩልሽ።»

የነርሷ ፊት ተለዋወጠ። «ሰውየው ሄዷል፤ ደሙን መመርመር አንችልም። መድኃኒቱን ዛሬውኑ መጀመር አለብዎ፤ ከሦስት ቀን ካለፈ ዋጋ የለውም። እዚያ አግዳሚ ላይ አይቀመጡ፣ እኔ በኪሴ አመጣልዎታለሁ። ማንም አያውቅም።»

«ያንቺም ስም አይጻፍ፣ እኔም አልታይ፤ ነው?»



መይሙና ልቧ ከጀለ። እሺ ልትል አፏን ስትከፍት አዲሷ የጽዳት ሠራተኛ የምሥራች ትዝ አለቻት። የምሥራች ከገባች ሳምንቷ ነው፣ የነገው ተራ የእሷ ነው፤ ጓንትሽን አውልቂና ዳብሺ ብላ ያስተማረቻትም ራሷ መይሙና ናት።

«ተነሽ፣ አብረን እንሄዳለን» አለቻት።

የኤችአይቪ ክፍሉ ውስጥ መድኃኒት ሰጪው ፋሩቅ መዝገቡን ገልጦ ጻፈና ክኒኑን ከውሃ ጋር አቀረበላት። መይሙና ከስሟ ሌላ ማንበብ አትችልም።

«አንብብልኝ መጀመሪያ።»

«በሥራ ላይ በመርፌ ተወጋች ይላል።»

«መርፌው ከሰማይ ወረደ? ፍራሽ ላይ ተሰክቶ ነበር በል። ካልተጻፈ አልውጥም።»

«አዴ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

«እንግዲያው ቶሎ ጻፋ።»

ሣህሊቱ አንገቷን ደፍታ ነበር። «እኔ ነኝ የሰካሁት፤ ጻፈው» አለች። ቀጥላም ቀና ብላ፣ «ያለ ጓንት በባዶ እጅዎ ይዳብሱ እንደነበርስ ይጻፍ?»

መይሙና ክኒኑን የያዘውን መዳፏን አየች። ዘጠኝ ዓመት የኮራችበት መዳፍ ነው።

«ይጻፍ» አለች። «ለየምሥራችም ይነበብላት።»

ፋሩቅ ጽፎ ሲያነብላት ዋጠችው። ሃያ ስምንት ቀን የሚዋጥ ነው፤ ሃያ ሰባት ቀን ይቀራታል።

ስትወጣ ጣሂራ ከጫት እስሯ ላይ ቀና አለች። «መይሙና፣ ምነው ከዚያ ክፍል? ደኅና ነሽ?»

«መርፌ ወጋኝ፣ ድንገተኛ ክፍል፣ አልጋ ሳነጥፍ። በደሳ ስትደውዪ እንደነገርኩሽ ንገሪያቸው፤ ምንም እንዳትጨምሪበት» አለችና የምሥራችን ልትፈልግ ሄደች።