በኩርፊያ የተወጋች ድመት

የወርቅውሃና ባዩ ከተኳረፉ ሳምንት አልፏቸዋል። የጠቡ መነሻ ድመት ናት ቢባል ማን ያምናል? ግን ናት። ልጃቸው ወንጌላዊት ሳን ሆዜ ስትገባ አፓርትመንቱ እንስሳ አይፈቅድም ተባለና ድመቷን ኩኪን ኦክላንድ ወላጆቿ ላይ ጥላት ሄደች። ያውም ስኳር ያለባት ድመት! ኩኪ ማለት ጣፋጭ ብስኩት ነውና ባዩ መጀመሪያ ላይ በስሟ ይቀልድ ነበር። ቀልዱ ያበቃው ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ የሰነፈ ዕለት ነው።

ባዩ ወደ ሳህኗ እየተንፏቀቀች ስትሄድ አያትና፣ «ምን ያሰቃያታል፣ ወስደን እናስተኛት፤ በመርፌ ትገላገል» አለ። አለና አረፈው። የወርቅውሃ ግን አላረፈችም። እሷም ስኳር አለባት፤ እናቷን የወሰደባትም ስትሮክ ነው። «ነገ እኔም ጎኔ ሲሰንፍ እንዲህ ሊለኝ ነው» ብላ ልቧ ስብር አለ። ይህን አውጥታ ብትነግረው ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። እሷ ግን አኮረፈች። እሱም እንዴት እኮረፋለሁ ብሎ አኮረፈ። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በድመቷ በኩል ነው።

«ኩኪ፣ ራቱ ምድጃው ላይ ነው በይው።»

«ኩኪ፣ ጠግቤያለሁ በያት።»

ስልሳን ያለፉ ሰዎች ናቸው እንግዲህ!

የድመቷን የሰነፈ እግር የምታሸው፣ ጠዋትና ማታ አብልታ ኢንሱሊን የምትወጋት የወርቅውሃ ናት። ባዩ ዞር ብሎም አያያትም፤ ለእሷ እንደሚመስላት።

እሑድ ጠዋት እንቅልፍ ጣላት። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ያለው የምትሠራበት ሬስቶራንት ቅዳሜ ሰው ሲጎርፍበት አምሽቶ፣ ደብል ሺፍት፣ ሁለት ፈረቃ አከታትላ ሠርታ ነበር የገባችው። ስትነቃ ፀሐይዋ ወጥታለች። «በስማም! የመርፌዋ ሰዓት!» ብላ ዘላ ተነሣች። ምግብ ስታቀርብላት ድመቷ ቀመስ አድርጋ ተወችው። የወርቅውሃ ሰዓቱ አለፈ ብላ ስለተጨነቀች እንደዚያው ወጋቻት። ባዩ ጓሮ መኪናውን ያጥባል። እሱን ጠጋ ብሎ መጠየቅ የማይታሰብ ነው፤ በኩርፊያ ቀድሞ አፉን የከፈተ ተሸነፈ ማለት ነዋ።

ረፈድ ሲል ድመቷ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ዝልፍልፍ ብላ ወደቀች። የወርቅውሃ ስትሮኩ የተመለሰ መሰላት። እየጮኸች ኮንኮርድ ያለው፣ እሑድ የማይዘጋው የእንስሳት ክሊኒክ ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ሌላ ሰው ደግሞ ወግቷት እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ማን ይወጋታል? ባሌ እንደሆነ ሞቷን ነው የሚጠብቀው!»

«ወግቻታለሁ» አለ ባዩ።

በሩ ላይ ቆሟል። ከእጁ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን አልክ?»

«እንቅልፍሽን ሳየው አሳዘንሽኝ። ልቀስቅስሽ እንዳልል አኩርፈሻል። አብልቼ ወጋኋት።»

የስልኳ ልጅ ሁለቴ ተወግታ ስኳሯ ወርዶ ነው፣ ድዷን ማር ቀቧትና አሁኑኑ ይዛችኋት ኑ አለች። ባዩ ዕድሜውን ሙሉ ከወደቡ በከባድ መኪና ኮንቴይነር ሲያመላልስ በጥንቃቄው የሚታወቅ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን በረረ። የወርቅውሃ ድመቷን ታቅፋ ጣቷን ማር ውስጥ እየነከረች ድዷን ታሻለች። «ላሺ እንጂ የኔ እናት፣ ላሺ!» ድመቷ ንቅንቅ አላለችም። ይኼኔ ሳምንቱን ሙሉ የዋጠችው ነገር ገንፍሎ ወጣ።

«እኔ ብሆንስ?»

«ምኑን?»

«ጎኔ የሰነፈ እኔ ብሆንስ? ወስደን እናስተኛት ልትል ነው?»

ባዩ ክው አለ። «ለዚህ ነው እንዴ ያኮረፍሽው?»

«ታዲያ ለምን መሰለህ!»

«አንቺ ሴትዮ» አለ ባዩ። «ስኳር አለብሽ ካሉን ጀምሮ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ከሁሉ በፊት ትንፋሽሽን ነው የማዳምጠው። እሷ ስትንፏቀቅ አንቺ ነሽ የምትታዪኝ። ማየት አቃተኝ። ፈርቼ ነው እንደዚያ ያልኩት፣ በቃ ፈርቼ ነው።»

የወርቅውሃ ጣቷን መልሳ ማር ነክራ ድመቷ አፍ ውስጥ አስገባች። ጣቷ ላይ ሻካራ ነገር ተሰማት፤ ድመቷ ምላሷን አውጥታለች። አንዴ ላሰች፣ ቆየት ብላ ደገመች።

«ላሰች! ባዩ፣ ላሰች!»

ባዩ ዞር ብሎ አያቸው፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ይህን ለመናገር ድመት መግደል ነበረብህ?» አለች እሷም እያለቀሰች። «ንዳ እንጂ! እኔን ምን ታየኛለህ?»