የሻሼ ሲባጎ

ቁራሌው ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። አሠሪዋ ማዳም ሀኪማ ለሻሼ ቁርጡን ነግረዋታል፦ ግቢው ጥግ የተጣለው አሮጌ ብስክሌት እስከዚያ ከተነዳ የሻሼ ነው፤ ካልተነዳ ከብረታ ብረቱ ጋር ይጫናል። ሻሼ ከአገሯ ወጥታ ሄሮን በሚባል የወደብ ከተማ ሰፈር ሰው ቤት እየሠራች መኖር ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ከተማ የራሴ የምትለው ሻንጣዋን ብቻ ነው። በዚያ ላይ የባሕር ዳር ልጅ ናት፣ ብስክሌት እየነዳች ነው ያደገችው። እንዴት አያጓጓት!

የጎደለው የፊት ጎማው ካላማዳሪ፣ አየር የሚሞላው የውስጥ ላስቲክ፣ ብቻ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ደግሞ ፀሐይ በልቶታል። ታዲያ እናቷ ጫማ ሊገዙላት እግሯን በሲባጎ ለክተው ገበያ ይወጡ አልነበር? እሷም ቸርኬውን፣ ጎማው የሚለብሰውን ብረት፣ ዙሪያውን በሲባጎ ለካች፣ ቋጠረችና ወደ ጋሽ ጀላሉዲን የብስክሌት ዕቃ ሱቅ በረረች።

ጋሽ ጀላሉዲን፣ የድሬዳዋው ሰው፣ ሲባጎውን አይተው ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ቸርኬው የት አለ?»

«ፈትቼ ግቢ አስቀምጬዋለሁ።»

«አቦ፣ ከፈታሽው እሱኑ ይዘሽ አትመጪም ነበር?»

ሻሼ ክው አለች። ይሄ እንዴት ሳይታያት ቀረ? ተመልሳ እንዳታመጣው አምስት ሰዓት አልፏል።

«ሃያ ስድስት የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው» አሉ ጋሽ ጀላሉዲን፣ ሁለት ካላማዳሪ እያወረዱ። «ስማቸው አንድ ነው እንጂ አንዱ ለሌላው ቸርኬ አይሆንም።» ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ባዶ ቸርኬዎች አንዱን በሲባጎው ከበቡት፤ ተረፈ። ሁለተኛውን ከበቡ፤ ቋጠሮው ልክ ገጠመ። «እናትሽ ይባረኩ። አሁን ቫልቩ ቀረ፣ ወፍራም ነው ቀጭን? ቸርኬው ላይ የሚገባበትን ቀዳዳ በምን ለካሽው?»

አልለካችውም። እንባዋ ሊመጣ ሲል ትዝ አላት። «የቀዳዳውን አፈር በእርሳስ ልጠርገው ብዬ እርሳሱ አልገባ አለኝ!»

«ቀጭኑን ውሰጂ በቃ» አሉና መንፊያም አዋሷት።

ቁራሌው ጋሪውን እየገፋ በሩ ላይ ሲደርስ ማዳም ሀኪማ ወጥተው ቆመዋል።

«ብረቱ የታለ?» አላቸው።

ማዳም በአገጫቸው ወደ ባሕሩ መንገድ አሳዩት። «ያውልህ፣ እየሄደ ነው።»

ሻሼ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ብቻዋን እየሳቀች፣ የራሷን ብስክሌት ትነዳለች።