የሰላሙ ሞተር

ረዳ ሞተር ብስክሌቱን በአይሱዙ መኪና ጭኖ ለሞተሮች ትርኢት እንጦጦ ሲደርስ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም ነበር። ባሕር ዛፉ መሐል ያለው ሜዳ ግን ከወዲሁ በሞተር ተሞልቷል። ከአባት የተወረሱ አሮጌዎች አሉ፤ ባለቤቶቻቸው ቆርጠው ቀጥለው እንደ አዲስ የፈጠሯቸውም አሉ። እሱ ያመጣው ቀይ የጣሊያን ሞተር የሟች ጓደኛው የሰላሙ ነበር። ሰላሙ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በክረምት፣ ከዚሁ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ገደል ገብቶ ሞተ። ረዳ ስብርባሪውን ለቃቅሞ ጉርድ ሾላ ወዳለው ጋራዡ ወሰደና ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶ መልሶ ሠራው። ሰው ሁሉ «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው» ይለው ነበር። እሱ ወሬ ይለውጣል።

የሰላሙ ሚስት አስረሳሽ አራት ሰዓት ላይ ብቻዋን መጣች። ጥቁሯን ካወለቀች ገና ዓመቷ ነው። ሞተሩን ስታይ ቆማ ቀረች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀርባ መቀመጫውን ዳበሰችው።

«አዲስ አስመሰልከው እኮ! እግዜር ይስጥህ። የእናት ልጅ እንኳ ይህን አያደርግም።»

በዚህ መሐል የዝግጅቱ አስተዋዋቂ ማይኩን እንደያዘ መጥቶ፣ «ቀጥሎ የሚጠሩት እርስዎ ነዎት፤ የሞተሩን ታሪክ ይነግሩናል» ብሎት አለፈ። ታሪኩን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እሷ እየሰማች፣ እንደገና መዋሸት እንደማይችል ያን ጊዜ ገባው።

«አስሩ፣ ነይ እስቲ» ብሎ ወደ ዛፎቹ ሥር ወሰዳት።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አላማረኝም።»

«ሰላሙ ከመሞቱ በፊት ያለው ቅዳሜ ጋራዥ መጥቶ ነበር። የፍሬኑ ሽቦ ሊበጠስ ደርሷል። ሌላ አልነበረኝም። አሮጌውን ቀጣጥዬ አሰርኩለት።»

«ነገርከው?»

«ቀየርኩልህ ነው ያልኩት። ሰኞ ሳይሰማ እለውጠዋለሁ ብዬ። እሑድ ሞተ። ስብርባሪውን ሳነሳ ሽቦው እኔ የቀጠልኩት ላይ ተበጥሶ አገኘሁት። ደብቄ ጣልኩት።»

አስረሳሽ ወደ ሞተሩ ዞር ብላ አየች።

«የዚያን ጠዋት ተጣልተን ነው የወጣው» አለች። «ይህንን ታውቃለህ። ተናዶ ሲከንፍ ነው የሞተው፣ እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ ሁለት ዓመት እንቅልፍ አጣሁ። አንተ ቤቴ ተቀምጠህ ‹አይዞሽ፣ ዝናቡ ነው› ትለኝ ነበር።»

«አዎ።»

«አዎ ትላለህ?»

«ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ።»

«መጀመሪያ እናቱ ጋ ትሄዳለህ። አሁኑኑ። እኔ አልነግርልህም።»

ከሜዳው በማይክ ስሙ ተጠራ፤ ጭብጨባም ተሰማ። ረዳ ዞር አላለም። ሞተሩን እዚያው ትቶ በታክሲ ተከትሏት ወረደ። የካ ሚካኤል ሲደርሱ ቀድማው ወረደች።

የሰላሙ እናት እማማ ወርቅአየሁ የኪራይ ቤቶች የሞሉበት ግቢ ውስጥ፣ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። ረዳን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ጎትተው ሳሙትና እጁን እንደያዙ አጠገባቸው አስቀመጡት። በየበዓሉ ሳይቀር የሚጠይቃቸው እሱ ነበርና።

ረዳ ጎንበስ ብሎ በዝግታ ነገራቸው።

«ምን አልክ ልጄ? ጮክ በል።»

ደገመው። አሁንም አልሰሙትም። ወደ አስረሳሽ ቀና ሲል እሷ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት መሬት ታያለች።

«ፍሬኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ!» አለ እየጮኸ። «ሰላሙ በእኔ ነው የሞተው! ዋሽቻችሁ ነበር!»

ቧንቧው ጋ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እጃቸው ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። አንዱ ተከራይ መስኮቱን ከፈተ። እማማ ወርቅአየሁ አፍ አፉን ሲያዩት ቆዩና እጁን ለቀቁት።

«አስረሳሽ፣ አስገቢኝ» አሉ።

ደግፋ አነሳቻቸው። በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ። ረዳ ጥቂት ቆሞ ጠበቀ፤ የጠራው ሰው አልነበረም። ከዚያ በሴቶቹ መሐል አልፎ ከግቢው ወጣና የፖሊስ ጣቢያውን አቅጣጫ ጠይቆ በእግሩ ሄደ።