የኮንትራክተሩ ካርድ

«ረጅሟ ማን ናት?» ብሎ ለመጠየቅ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ሦስት ቃል ነው። እኔ ግን አልጠየቅኩም።

የምሠራበት ድርጅት ሊፍት ይሸጣል። ሊፍት የሚገዙ ሰዎች መጋበዝ ይወዳሉ፤ እኔ ደግሞ ውጭ አገር የተማርኩት መስተንግዶ ስለሆነ ግብዣው ሁሉ በኔ ላይ ወደቀ። የስታዲየሙን የክብር ክፍል ቀድሞ መያዝ፣ ምሳ ማዘዝ፣ የመኪና ማቆሚያ ማስለቀቅ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ መወሰን። ከተመለስኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ልቆይ ወይስ ተመልሼ ልሂድ እያልኩ ሻንጣዬን እንኳ ገና ሙሉ በሙሉ አላራገፍኩም።

ሥራ በያዝኩበት ወር የእንግዳ ካርድ የሚባል ነገር አመጣሁ። ለአንድ እንግዳ አንድ ገጽ፦ የሚጠጣው፣ የማይበላው፣ የሚወደው፣ የማይወደው። ናሙናውን የሠራሁት ቤት፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እናቴን «የምትጠጪው?» ብላት «ሻይ፣ በሁለት ስኳር። አይ፣ ሦስት በል፤ ግብዣ አይደል?» አለችኝ።

ታናሽ እህቴ ከት ብላ ሳቀች። «ፈረንጁ፣ የኔንም ሙላ እንጂ።» ከመጣሁ ወዲህ ስሜ ይኸው ሆኗል።

«የምትወጂው?»

«ዓርብ ከሰዓት።»

«የማትወጂው?»

«ከኋላዬ ሰው ሲቆም» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ጻፍኩት።

እህቴ ለየግብዣው አስተናጋጅ በሚልክ ኤጀንሲ በኩል ትሠራለች። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ጊዜ የእኛም ድርጅት ግብዣ ላይ አስተናግዳለች። ሁለተኛ አልሄድም ብላ ነበር። ምነው ብላት «ጫማው ገደለኝ» አለችኝ፤ በዚሁ አለፍነው። እህቴ ረጅም ናት። መንገድ ላይ ሰው ዞር ብሎ ያያታል። ይህን እያወቅኩ ነው እንግዲህ።

ለቅዳሜው ጨዋታ አንድ ትልቅ ኮንትራክተር ልንጋብዝ ሆነ። ስድስት ሕንፃ እየሠራ ነው፤ ሃያ ሁለት ሊፍት ይፈልጋል። አለቃዬ፣ እሱ በሌለበት «ጋሽ ችግር የለም» የምንለው ሰውዬ፣ ካርዱን ቆሞ አስጻፈኝ።

«ውሃ፣ ባለ ጋዝ። ዓሣ አይበላም። ወንበሩ ከመስታወቱ ጥግ ይሁን። ደግሞ ረጅሟን።»

ቀና ብዬ አየሁት።

«ረጅሟ ብለህ ጻፍ በቃ። የኤጀንሲው ሴትዮ ታውቃታለች። ችግር የለም።»

ጻፍኩ። «የሚወደው፦ ባለ ጋዝ ውሃ፣ ረጅሟ (ባለፈው ያስተናገደችው)፣ የጥግ ወንበር።» በውሃውና በወንበሩ መሃል በነጠላ ሰረዝ ሰካኋት። መስመሩ እንዳይንሻፈፍ ፊደሉን ሳይቀር አሳነስኩ። ከዚያ ለሴትዮዋ ላክሁት።

ቅዳሜ ክፍሉ በጥብስ ስብና በክፍል ሽቶ ጠረን ታፍኗል። አሥራ ሁለት ሰዎች ለሜዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ይበላሉ። አንዱ የጥርስ መጎርጎሪያውን ጠረጴዛው ላይ ያለው አበባ ሥር ሰካው። ሌላው ጣቱን በየተራ ከላሰ በኋላ በጠረጴዛው ልብስ ጠርዝ ጠረገ፤ ናፕኪኑ፣ እኔ በሦስት ማዕዘን ያጠፍኩት፣ ፊቱ ቁጭ ብሏል።

በሩ ተከፈተና እህቴ ትሪ ይዛ ገባች።

«አልሄድም ብለሽ አልነበር?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ሴትዮዋ ካልመጣሽ ሁለተኛ አልጠራሽም አለችኛ። ለይተው ጠርተውሻል አለችኝ።» ለመሳቅ ሞከረች። «ደግሞ በስም እንዳይመስልህ፣ በቁመት።»

ካርዶቹን ወደደረደርኩበት ዞር ብዬ አየሁ።

«መጣችልኝ!» አለ ኮንትራክተሩ። ተነስቶ ከኋላዋ ቆመ። ሜዳውን የሚያሳያት መስሎ አገጩን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ፣ ስብ የነካው እጁን ወገቧ ላይ። «ይቺን ለመውጣት እንኳ ሊፍት ሳያስፈልገኝ አይቀርም!» ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። በትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጫሉ። እህቴ እኔን ታያለች።

ወደ አለቃዬ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ልጅቷ እህቴ ናት።»

«የማን?»

«የኔ።»

ማኘኩን አቆመ። ከዚያ ቀጠለ። «ታዲያ የቤት ልጅ ናታ! ችግር የለም። እስከ እረፍት ትታገሠን፤ ከዚያ ምክንያት ፈልገን እናወጣታለን።»

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ወደ እህቴ ተመለስኩና በጆሮዋ «እስከ እረፍት ብቻ ቻይው» አልኳት።

ከሰውየው ክንድ ወጥታ ወደ ማቅረቢያው ጠረጴዛ ሄደች። ካርዶቹ ለአስተናጋጆች እንዲታዩ እዚያ ተደርድረዋል፤ የደረደርኳቸው እኔ ነኝ። የኮንትራክተሩን አነሳች። አራቱን መስመሮች ገና ስታይ አወቀቻቸው።

«ይሄ የቤታችን ካርድ አይደል?» አለች። አነበበችው። «ከውሃው ቀጥሎ ነኝ።»

ትሪውን ጥግ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ የደረት ባጇን ፈታ ብርጭቆዎቹ መሃል ጣለች፣ በደረጃው ወረደች። ከታች ሰዉ ጎል ብሎ ጮኸ።

እኔ አልተከተልኳትም። ኮንትራክተሩ ትሪውን ወደ ጠረጴዛው ገፋ አድርጎ ተቀመጠና ብርጭቆውን አነሳልኝ። ቀዳሁለት። ከላይ እስከ ታች ለካኝ።

«አንተም እኮ ረጅም ነህ!» አለ። ጉንጬን በዚያው ስብ በነካው እጁ መታ መታ አደረገኝ። አለቃዬ ከሁሉም በላይ ሳቀ። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ፈገግ አልኩ። ጨዋታው እስኪያልቅ ባለ ጋዝ ውሃ ስቀዳ ቆየሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እህትህ ልብሷን ሸክፋ አክስቷ ጋ ሄደች። ምን ተባባላችሁ?» አልፌያት ገባሁ። ጉንጬን በሳሙና ታጠብኩ፤ ስቡ ለቀቀ፣ ሽታው ግን ያለ ይመስለኛል። ከሻንጣዬ ኪስ ናሙናዎቹን አወጣሁ። የእህቴ ካርድ ከእናቴ ሦስት ስኳር ሥር ነበር፤ የማትወደው፦ «ከኋላዬ ሰው ሲቆም»፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ።

ሰኞ መሥሪያ ቤት አልሄድኩም። በዚያን ቀን ጠዋት ለእህቴ እንዲህ ብዬ ላክሁላት፦ «ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ረጅሟ ማን ናት ብዬ አልጠየቅኩም። ሳውቅም ቻይው አልኩሽ። አክስታችን ጋ ልምጣ?»

አንብባዋለች፤ ስልኬ ያሳያል። ጫማዬን አድርጌ እየጠበቅኩ ነው።