አንድ ላፕቶፕ፣ አራት እጅ

ሁለቱም መሄድ አልፈለጉም፤ አብረው መሄድን ደግሞ ጭራሽ አልፈለጉም። የልጅቷ አባት ግን "ሁለታችሁም ሄዳችሁ ይዛችኋት ኑ" ብለው ስለቆረጡ፣ ብረት በያጁ ባሏና ታናሽ ወንድሟ ማለዳ ባቡር ተሳፍረው ጎን ለጎን ተቀመጡ። መንገዱ ስምንት ሰዓት ይፈጃል።

ልጅቷ ከበያጁ ቤት ከወጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። ለማንም ሳትናገር አንድ ሻንጣ ይዛ ሩቅ ከተማ የምትኖረው አክስታቸው ዘንድ ገባች። ለምን ሲሏት "አልመለስም" ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም። እናት "ትዳር ይቻላል እንጂ ይሸሻል እንዴ?" አሉ። አባት የሰው አፍ ፈሩ። ወንድሟ፣ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ አንሺ የሆነው፣ ዝም አለ። ዝም ያለው ለባልየው አዝኖ አይደለም፤ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ዓይኑን ማየት አይፈልግም። በያጁም አይወደውም። በተጨባበጡ ቁጥር የወንድምየውን እጅ ወደ ላይ አንስቶ ለሰው እያሳየ "ይሄ የወንድ እጅ ነው የሙሽራ?" እያለ ያስቅበታል።

ሁለት ሰዓት ያህል ቃል ሳይለዋወጡ ተጓዙ። ፊት ለፊታቸው አንዲት አሮጊት ቅርጫታቸውን በእግራቸው መሃል አቅፈው ተቀምጠዋል። ሁለቱን የት እንደሚወርዱ ጠይቀው፣ እሳቸውም እዚያው ከተማ ወራጅ እንደሆኑ ነግረዋቸዋል። ከዚያ በኋላ ወሬ አለቀ። ራጅ አንሺው ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ ከፊታቸው ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ከፈተ።

"ምንድነው እሱ?" አለ በያጁ።

"ጨዋታ ነው ጋሼ። የታንክ።"

"ለብቻህ? ሆዳም! ወዲህ አስጠጋው።"

ጨዋታው ለሁለት ሰውም ይሆናል። ስክሪኑ መሃል ለመሃል ይከፈልና አንዱ በግራ በኩል ባሉት ፊደሎች፣ ሌላው በቀኝ በኩል ባሉት ቀስቶች ታንኩን ይነዳል። አምስት ጊዜ የተመታ ተሸነፈ። አራት እጅ በአንዲት ጠባብ ኪቦርድ ላይ ሰፈረ፤ ክርናቸው ተነካካ።

የመጀመሪያውን ራጅ አንሺው አሸነፈ። "የኔ ቁልፍ ይይዛል" አለ በያጁ። ቦታ ተቀያየሩ። አሁንም ተሸነፈ። በሦስተኛው ትልቅ መዳፉን በራጅ አንሺው ስክሪን ላይ ዘርግቶ ጋረደበት። የጎን ተሳፋሪዎች ሳቁ፤ ሳቁን ሲሰማ ደስ አለው። በአራተኛው ከጠረጴዛው ሥር እግሩን በጫማው ረገጠው።

"ጋሼ፣ እግሬን!"

"ጨዋታ እኮ ነው! አንተ ጨዋታ አታውቅም እንዴ?"

ረግጦትም ተሸነፈ። በአምስተኛው፣ ራጅ አንሺው ከግንብ ጀርባ አድፍጦ የመጨረሻዋን ጥይት ሊተኩስ ሲል የበያጁ መዳፍ በእጁ አንጓ ላይ አረፈ። አልመታውም። ያዘው። ከዚያም፣ ብረት የቱ ጋ እንደሚታጠፍ እንደሚያውቅ ሰው፣ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ጠመዘዘው። ፊቱ ግን ወደ አሮጊቷ ዞሮ ይስቃል።

"የዛሬ ልጆች መሸነፍ አይወዱም እኮ እናቴ!"

አሮጊቷ ለወጉ ፈገግ አሉ። በያጁ ጎንበስ ብሎ በጆሮው፣ "አርፈህ ተሸነፍ" አለው።

ራጅ አንሺውን ከሕመሙ ይልቅ ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነው። አምና እህቱ ቀኝ እጇን በሻርፕ አንጠልጥላ ሥራ ቦታው መጥታ ነበር። ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው አለችው። ክንዷን በገዛ እጁ አስተካክሎ ራጅ ያነሳት እሱ ነው። ፊልሙን በብርሃን ላይ ሰቅሎ አየው፤ በአጥንቱ ዙሪያ የሚጠመጠም ስንጥቅ ነበር። የወደቀ ሰው እጅ እንደዚያ አይሰበርም፤ የተጠመዘዘ እንጂ። በቀን ሠላሳ አርባ አጥንት የሚያይ ሰው ይህን አያጣውም። አላጣውምም። ግን ቢጠይቃት መልሷን መስማት ሊኖርበት ነው፤ ስለዚህ አልጠየቃትም።

"ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ" ብሎ ተነሳ። በፉርጎዎቹ መጋጠሚያ ላይ ቆሞ ደወለላት።

"የት ደረሳችሁ?" አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነው። "አክስቴ ጣቢያ ይዤሽ ካልወጣሁ ብላ ከአሁኑ ለብሳ ቁጭ ብላለች።"

"አትውጪ። አክስቴም እንዳትወጣ። በሩን ዝጉት።"

"ምን ተገኘ?"

"እጅሽን... አምና የተሰበርሽው። እሱ ነው አይደል?"



"አሁን ነው የታየህ?" አለች። "ያነሳኸኝ አንተ! ሰቅለህ ያየኸው አንተ! ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? 'ደረጃ ስትወርጂ ተጠንቀቂ' አልከኝ። ያን ቀን ተመልሼ እሱ ቤት ገባሁ።"

ዘጋችበት።

አንጓውን እያሸ ቆመ። የአክስታቸውን ቤት ከሁለቱ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ በያጁ ያንን አገር ረግጦ አያውቅም። ከጣቢያው ከወረዱ ግን መሸሸጊያ የለም፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ አክስቲቱን የማያውቃት የለም። አሰበ አሰበና ወደ ቦታው ተመለሰ።

"ጋሼ፣ ና እንቀጥል" አለው።

ከዚያ በኋላ መሸነፍ ጀመረ። ዝም ብሎ ቢሸነፍ ይነቃበታል፤ ስለዚህ እስከ አራት ለአራት ያስጠጋውና በመጨረሻዋ ጥይት ይወድቃል። በያጁ ከወንበሩ እየተነሳ ይቀመጣል። "አየህ? ልምድ ነው የሚያስፈልገው!" ይላል። ምሳውን በአንድ እጁ በላ። ከቀትር በኋላ ባቡሩ ወደ አክስታቸው ከተማ ተቃርቦ ፍጥነቱን መቀነስ ሲጀምር፣ ራጅ አንሺው የላፕቶፑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈተው። የታንኮቹ ፍንዳታ የድምፅ ማጉያውን ማስታወቂያ ዋጠው።

አሮጊቷ ቅርጫታቸውን አንስተው ቆሙ። "ልጆቼ፣ እናንተስ እዚህ አልነበረ..." ብለው ሳይጨርሱ፣ ዓይናቸው በራጅ አንሺው አንጓ ላይ ወደቀ። አራት ጣት ከነአውራ ጣቱ በልዞ ታትሞበታል። ቀና ብለው አዩት። እሱም አያቸው።

"አይ፣ ከሌላ ሰው ጋር አምታትቻችሁ ነው" አሉ። "እናንተ ገና ናችሁ።"

"መልካም መንገድ እናቴ!" አለ በያጁ፣ ከስክሪኑ ሳይነቀል።

ባቡሩ ሦስት ደቂቃ ቆመ። በሦስቱ ደቂቃ ራጅ አንሺው ሁለት ጊዜ ተሸነፈ። ከዚያ ፉርጎው ተንቀጫቀጨ፣ ጣቢያው ወደ ኋላ ሄደ።

ግማሽ ሰዓት ያህል አልፎ ቲኬት ተቆጣጣሪው መጣ። የበያጁን ቲኬት ገልብጦ አየና፣ "እናንተ እኮ አልፋችኋል" አለ።

በያጁ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ መስኮቱን፣ ከዚያ ላፕቶፑን፣ ከዚያ የሚስቱን ወንድም አየ።

"አውቀህ ነው?"

"አውቄ ነው።"

"ስልክህን አውጣ። ቤቱ የት እንደሆነ ንገረኝ።"

"አልነግርህም።" ጋሼ አላለውም።

በያጁ የላፕቶፑን ክዳን ኪቦርዱ ላይ ባሉት ጣቶች ላይ ደፈቀው። ከዚያ በቡጢ አፉን ብሎ ኮሌታውን አነቀው። በዚህ ጊዜ ለማንም ፈገግ አላለም፤ ፉርጎው በሙሉ አየው። ቀድሞ ሲስቁ የነበሩት ተሳፋሪዎች ናቸው ተረባርበው ያላቀቋቸው። በሚቀጥለው ጣቢያ ተቆጣጣሪው በያጁን ለፖሊስ አስረከበው፤ ወንድምየው ቃሉን ሰጥቶ፣ ከንፈሩ እንዳበጠ፣ በአውቶቡስ ወደ ኋላ ተመለሰ።

የአክስቱን በር ሲያንኳኳ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

"ብቻህን ነህ?" አለች እህቱ ከውስጥ።

"ብቻዬን ነኝ። ክፈቺልኝ።"

"አልከፍትም። ሄደህ ከአባባ ጋር ተማከር።"

"እሱ ታስሯል። መንገድ ላይ መታኝ።"

"አንተን አንድ ቀን ነው የመታህ" አለች።

ከበሩ ላይ አልሄደችም፤ እስትንፋሷ ይሰማዋል። ደረጃው ላይ ተቀመጠና ባበጡት ጣቶቹ ለአባቱ ደወለ። አባት ስልኩን እንዳነሱ "የት ደረሳችሁ? ይዛችኋታል?" አሉ።

"አባባ፣ አላመጣናትም። አትመጣምም። አምና እጇን የሰበራት እሱ ነው። እኔ ራጁን አንስቼ አይቻለሁ። አውቄ ዝም ብያለሁ።"

አባት መጮህ ጀመሩ። በሩ ከውስጥ አንዴ ተመታ።

"አልተሰማኝም" አለች እህቱ። "ጮክ ብለህ ንገረው።"

ተነስቶ ቆመ፤ ጎረቤቶች በመስኮት ብቅ እስኪሉ ድረስ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጮክ ብሎ ተናገረው።